የምታነክሰው ባቡር

«ይሄን የጠገነው ሰው እጅ አለው ብዬ አላምንም» አለ ሰዓት ሠሪው ሲራጅ፣ የትንሿን ባቡር የሆድ ክዳን ፈትቶ ባንኮኒው ላይ እያስቀመጠ። «በእግሩ ነው የሠራው።»

ጋሽ ካሳዬ ሳቁ። አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የሚሰፋው አጽብሐም የስፌት መኪናውን አቁሞ ሳቀ። ሲራጅ የሌላ ሰው ሥራ ከከፈተ ለጎረቤቱ ትርኢት ነበር። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ዶሮ ማነቂያ ካሉት ሰዓት ሠሪዎች ምላሱን ያልቀመሰ የለም። ደግነቱ እጁም እንደ ምላሱ ነው። መለዋወጫ ከውጭ አልገባ ካለ ወዲህ ደግሞ ሌላው አይሆንም ብሎ የመለሰው ሰዓት፣ ሬዲዮና ግራሞፎን ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ይህን ያውቃል፤ ማወቁንም አይደብቅም።

ባቡሯ ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ፣ አረንጓዴ የተቀባች የብረት አሻንጉሊት ነች። ጋሽ ካሳዬ ያገኟት አገር ለቆ የሄደ የውጭ ሰው የቤት ዕቃ ሲሸጥ ነው፤ ከነሐዲዷ፣ ከነሁለት ፉርጎዋ። እሳቸው ለገሃር ሠላሳ አንድ ዓመት ትልልቁን ባቡር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ይቺ ግን አስቸገረቻቸው። ሐዲዷ ላይ ስትሄድ ታነክሳለች፤ ትንሽ ደህና ትሄድና እንክስ ትላለች።

«የምትሰናከለው አንድ ጥርስ ላይ ነው» አሉ። «ድምጿን ሰምቼ አውቄያለሁ። የእኔ ጣት ለዚህ ወፍራም ሆነብኝ እንጂ። ፒያሳ ውስጥ የሚችል ካለ ሲራጅ ነው ቢሉኝ መጣሁ።»

ሲራጅ ሲመሰገን ደረቱ ይነፋል። ባለሙያ ሲያመሰግነው ደግሞ ሱቁ ይጠበዋል። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎነበሰ። ሞተሩ ውስጥ ካሉት ጥርሳም መዘውሮች የአንዱ ጥርስ ተሰብሮ፣ በቦታው እርሳስ ቀልጦ ተንጠባጥቦበታል።

«የእርሳስ ጥርስ ተክሎላት ነው» አለ። «ሞረዱንም ተውሶ መሆን አለበት፤ ሳይጨርስ ወሰዱበት።»

አጽብሐ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሽ ካሳዬ ሰውየው ምልክት አኑሮ እንደሆነ ጠየቁ። የሰዓት ሠሪ ወግ ነው፤ የጠገነው ዕቃ ውስጥ የስሙን ፊደልና ዓመቱን በመርፌ ይጭራል፤ ዕቃው ሲመለስ ማን እንደነካው ይታወቃል።

ሲራጅ ክዳኑን አንስቶ ውስጡን በጨርቅ ጠረገው። ከደረቀው ዘይት ስር «ሲ 61» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

ፊቱ ጋለ። የራሱ ፊደል ናት፤ አንገቷን ሰበር የሚያደርጋት እሱ ብቻ ነው። ወዲያው ትዝ አለው። አንዲት ሞግዚት በዘንቢል ይዛት መጥታ ነበር፤ ያኔ ቀለሟ ጥቁር ነው። ሱቁን ከከፈተ ዓመት አልሞላውም፣ ማግስቱ አረፋ ነው፣ ቤቱ እንግዳ ሞልቷል። እርሳሱን ጠብ አድርጎባት ወደ ቤቱ ሮጠ።

«አለ?» አሉ ጋሽ ካሳዬ።

«ቆሽሿል፤ አይነበብም» አለ ሲራጅ። ቅዳሜ እንዲመጡ ነግሮ ሸኛቸው።

ሦስት ቀን ሌላ ሥራ አልነካም። ከሞተ የጠረጴዛ ሰዓት ናስ ቆርጦ አዲስ መዘውር ማውጣት ጀመረ፤ ጥርሶቹን አንድ በአንድ በሞረድ። አንደኛውን ጣለው። ሁለተኛውንም ጣለው። ሐሙስ የቀበሌ ስብሰባ ነበርና ሱቅ ዝጉ ተባለ። ሊቀ መንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገር ሲራጅ ሦስተኛውን መዘውር ኪሱ ውስጥ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ጥርስ ይቆጥር ነበር። አሥራ አምስት፤ ሁሉም እኩል። ሰው ሲያጨበጭብ ዘግይቶ አጨበጨበ፤ ለራሱ ነበር ያጨበጨበው።

ዓርብ መዘውሩን ገጠመ፣ ከሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ያወጣውን ከሰል ሞርዶ ለሞተሯ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ አበጀላት። ዕድሜውን በሙሉ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፤ ኮራ። ቀጥሎ ጠፍጣፋውን ሞረድ አንስቶ ክዳኑን ገለበጠ። ሁለት ጊዜ ቢሞርደው ያቺ ፊደል የለችም፤ በቦታዋም አዲሷን ይጭራል። ሞረዱን እንደያዘ ብዙ ቆየ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ መልሶ ከተተው፤ ክዳኑን ሳይሞርድ፣ አዲስ ምልክትም ሳያኖር ዘጋው።

ቅዳሜ ሐዲዱ ባንኮኒው ላይ ክብ ሠርቶ ተዘረጋ። «ቢስሚላህ» ብሎ ማብሪያውን ጫነ። ባቡሯ ሁለቱን ፉርጎዎች እየሳበች ዞረች። ጋሽ ካሳዬ አላዩአትም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። አራት ዙር ሄደች፤ እንክስ አላለችም።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ» አሉ ዓይናቸውን ሲገልጡ። «እንዲህ ያለ እጅ የነበራቸው ሁለት ናቸው። ሦስተኛው አንተ ነህ።»

ሲራጅ ይህን ቃል ሲጠብቅ የኖረ መሰለው።

«ያ በእግሩ የሚሠራውስ?» አለ አጽብሐ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከበሩ ላይ። «ሳናውቀው ልንቀር ነው?»

ጋሽ ካሳዬ ሳቁ። ሲራጅ አልሳቀም። ባቡሯን አቁሞ ገለበጣት፣ የሆዷን ክዳን ፈታ፣ መርፌውን አነሳ። ከአሮጌዋ ፊደል ጎን ቀስ ብሎ «ሲ 74» ብሎ ጫረ። ከዚያ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና ከክዳኑ ጋር ለጋሽ ካሳዬ ሰጣቸው።

«ሁለቱንም ያንብቡልኝ» አለ። «አጽብሐም እንዲሰማ፣ ጮክ ብለው።»