ለጤነኛው የመጣ አጥሚት

ደጀኔ ወደ ፊት መሄድ ፈልጎ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር። ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ መሃል፣ መራመድ ያቃተው ሰው በሚሄድባት በባለ ሦስት ጎማዋ የባትሪ ወንበር፣ በኤልሞፔዷ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ፣ መሪዋን እንደ በግ ቀንድ ጨምድዶ እንደያዘ ከቆሻሻ መጣያው ጋር ሊላተም ምንም አልቀረው። ሶለንቱና ከተማ ያከራየው ስዊድናዊ «በቀኝ አውራ ጣትህ ወደ ፊት፣ በግራው ወደ ኋላ» ብሎ ደጋግሞ አሳይቶታል። ግን ዕድሜውን አውቶቡስ በእግሩ እየረገጠ የነዳ ሰው በአውራ ጣት መንዳት እንዴት ይሁንለት?

«ወደ ፊት! ፓፓ፣ ወደ ፊት!» እያለች ልጁ ሳሌም ሆዷን ይዛ እየሳቀች በስዊድንኛ ትጮኽበታለች።

«እኔስ ወደ ፊት ነው ያልኳት! እሷ ናት እንቢ ያለችው!»

ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ቆሞ ሰው አወረደ። ከወረዱት መሃል አንዲት ሐበሻ ወደ እሱ አየች። ለሰላምታ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች እንጃ፣ ያነሣችውን እጅ አፏ ላይ ጭናው ፊቷን አዙራ ሄደች። ደጀኔ «ማን ነበረች?» ብሎ ሳይጨርስ ኤልሞፔዷ ወደ ፊት ተፈናጠረችና ነገሩን ረሳው።

ኤልሞፔዷ የተከራየችው ለሚስቱ ለበቀለች ነው። በቀለች የነርቭ ሕመም ከያዛት ቆይቷል። ደህና በሆነችበት ቀን እግሯ የራሷ ነው፤ በሌላው ቀን የሰው እግር የተዋሰች ይመስላታል። ቤት ውስጥ ግድግዳና ወንበር እየያዘች ትሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ቀድማ ገብታ ትቀመጣለች፤ ሁሉ ከወጣ በኋላ ትወጣለች። ይህን ከደጀኔና ከሳሌም በቀር ማንም አያውቅም። ዮተቦሪ ከተማ ያለውን ትልቅ የመጫወቻ ስፍራ፣ የቲቮሊውን የሚሽከረከርና የሚወነጨፍ ሁሉ፣ ልታሳያት ለሳሌም ቃል ከገባችላት ሁለት በጋ አልፏል። ሁለቱንም በጋ ሰበብ ተፈልጎ ቀርቷል። ያን ሁሉ ሜዳ በእግሯ እንደማትዞረው ስለምታውቅ ነው። ዘንድሮ የምታክማት ስዊድናዊት «ለሽርሽሩ ብቻ ኤልሞፔድ ተከራዩ» ስትላቸው፣ በቀለች ብዙ ቀን አውጥታ አውርዳ እሺ አለች። ግን ባሏን ቃል አስገብታዋለች።

«ከቤተ ክርስቲያን ሰው አንድም እንዳያይ፣ ደጄ። ስንቱን በሽተኛ እጄን ጭኜ 'በኢየሱስ ስም ተነሥ' ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እነሱ በእግራቸው እየመጡ እኔ ወንበር ላይ ስጠብቃቸው ምን ይሉኛል?»

«ምን ይላሉ? ይጸልያሉ።»

«ቃል ግባልኝ ብዬሃለሁ።»

ገባላት። ለዚህ ነው ከሠፈራቸው ከኡፕላንድስ ቬስቢ ሳይሆን ሶለንቱና ድረስ ሄዶ የተከራየው። ነገ ጎሕ ሲቀድ ቮልቮው ላይ ጭነው ውልቅ ሊሉ ነው። መንዳቱንም በቀለች እዚያው ሐበሻ በሌለበት ትለማመደዋለች።

ደጀኔ ኤልሞፔዷን በሊፍት አራተኛ ፎቅ አውጥቶ ቤታቸው ውስጥ ኮሪደሩ ላይ አቆማትና ባትሪዋን ሰካ። አንሶላም አለበሳት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ገና እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ የበሩ ደወል ጮኸ።

ለምለም ናት፤ የቤተ ክርስቲያን እህት። በእጇ ትልቅ ፔርሙዝ ይዛለች።

«እንዴት ዋላችሁ ጋሽ ደጀኔ? እንዲያው አለፍ ስል ነው» አለች።

ደጀኔ አራተኛ ፎቅ ላይ አለፍ የሚል ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ቢሆንም «ግቢ፣ ግቢ» አላት። ለምለም ጫማዋን ስታወልቅ ዓይኗ አንሶላው ላይ አረፈ። ጎማው ከሥር ብቅ ብሎ ይታያል። ከንፈሯን መጠጠች።

«አጥሚት ነው። ትኩስ ነው። አይዞህ።»

«ምን ሆኜ?»

«ምንም። እንዲያው አይዞህ ነው።»

«እኔ ደህና ነኝ እኮ ለምለም።»

ለምለም ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ታሞ ሳለ «ታምሜአለሁ» የሚል ሐበሻ የለም። «ደህና ነኝ» ማለት የበሽተኛ ቃል ነው፤ ደጀኔ ራሱ ስንት ሰው ሆስፒታል ሊጠይቅ ሄዶ ሰምቶታል። አሁን ግን አላስተዋለውም።

ወጥ ቤት ሲገባ በቀለች ማቀዝቀዣውን ተደግፋ ጠበቀችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነገርካት» አለችው።

«እኔ? በጌታ ፊት፣ አልተነፈስኩም።»

«ታዲያ አጥሚቱን ማን አዘዘው? ጎረቤቶቻችን ስዊድኖቹ?»

«እኔ እንጃ በቀሉ። ግራ ገብቶኛል።»

ደወሉ እንደገና ጮኸ። ሁለት እህቶች ብርቱካንና ዳቦ ይዘው ገቡ። ከኋላቸው አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ተከተለ። የሁሉም አገባብ አንድ ነው፤ ጫማ ያወልቃሉ፣ አንሶላውን ያያሉ፣ ከንፈር ይመጣሉ፣ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ይቀመጣሉ። ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። ስለ አየሩ ያወራሉ። ደጀኔ ብርቱካኑን ሊቀበል ሲነሣ ሁለት እጅ ትከሻውን ይዞ ሶፋው ላይ መለሰው።

«ኧረ አትነሣ! በሞቴ አትነሣ!»

«ሻይ እንኳን ላፍላላችሁ።»

«አንተ ተቀመጥ እባክህ! እህት በቀለች አለች አይደል?»

በቀለች አለች። ማቀዝቀዣውን ለቅቃ ወደ ምድጃው ሄደች።

ቶሎሳ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቶሎሳ ኪስታ የሚባለው ሠፈር ያሉ ቢሮዎችን የሚያጸዳ፣ ሳቅ የሚወድ፣ የዕቃ መኪና ያለው ወጣት ነው። አምና በሐበሾች እግር ኳስ እግሩ ተሰብሮ የነበረ ጊዜ የተጠቀመበትን ክራንች በብብቱ ይዞ ገባና ደጀኔ አጠገብ አቆመው።

«ቁመትህን አስቤ አንድ ቀዳዳ ከፍ አድርጌዋለሁ» አለው። «አይዞህ፣ እኔም ተሰብሬ አሁን በረኛ ነኝ። ድሮም ብዙ ሩጫ አልወድም ነበር።»

ደጀኔ ክራንቹን አየው። ልክ በእሱ ቁመት ነው። ያቺ ከአውቶቡስ ወርዳ አፏን የያዘች ሴት ለምለም እንደነበረች አሁን ገባው። ኤልሞፔዷ ላይ ተቀምጦ ያየችው እሱን ነው። የምትጠየቀው በቀለች አይደለችም። በሽተኛው እሱ ሆኗል!

ሊስቅ ፈለገ። ከዚያ በቀለች በሻይ ብርጭቆ የተሞላ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለችና ሳቁን ተወው። ብርጭቆዎቹ እርስ በርሳቸው ይንቃጨላሉ። ዛሬ እግሯ የራሷ አይደለም። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ፈገግታዋ ግን አልጎደለም። ሊቀበላት ተነሣ፤ አራት እጅ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔ ደህና ነኝ! ስሙኝ እንጂ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም!»

«አሜን» አለች ለምለም። «እንዲህ ነው ማመን።»

ምን ይበል? የታመመችው እሷ ናት እንዳይል ቃል ገብቷል። ዝም እንዳይል ሚስቱ ሻይ እያደለች ልትወድቅበት ነው። ከወለጋ እስከ ሱዳን፣ ከሱዳን እስከዚህ ድረስ ሲሸሽ እንኳን መንገድ እንዲህ አልጠፋበትም ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ቢያንስ አንድ አውራ ጣት አሳየኝ» አለ በልቡ፤ ወደ ፊቱ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶታል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጋሮማ በመጨረሻ መጡ። ወይን ፍሬ የያዘውን ከረጢት ለሳሌም ሰጥተው ደጀኔ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ለምን ደበቅኸን? እኛ ባዕድ ነን?»

«አይደላችሁም ጋሼ።»

«ታዲያ የቱ ላይ ነው? እንድንጸልይ።»

ደጀኔ ወደ በቀለች አየ። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ማንም እንዳያይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳትናገር። ደጀኔ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል።

«እግር ላይ ነው ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «እዚህ ቤት ውስጥ የታመመ እግር አለ። ጸልዩልን።»

ጆሮው አልቀላም። ጋሽ ጋሮማ ተንበርክከው ጤነኛ ጉልበቶቹን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሰዉ ሁሉ ከበበው።

«እህት በቀለች፣ አንቺ ምሪ እንጂ!» አለች ለምለም። «የአንቺ አገልግሎት አይደል?»

በቀለች መጣች፤ ከበሩ እስከ ሶፋው ድረስ የምትይዘው ነገር አልነበረም፤ ግን መጣች። እጇን ባሏ ትከሻ ላይ ጫነች። ደጀኔ ወዲያው አወቀ፤ ይህ የጸሎት እጅ አይደለም። ክብደቷን ሁሉ ጥላበታለች። ትከሻውን አጠንክሮ ተሸከማት።

«አባት ሆይ» አለች፣ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «እነዚህን እግሮች ታውቃቸዋለህ። ስንት ጊዜ ለምኜሃለሁ። በጓዳ ለምኜሃለሁ፤ በሌሊት ለምኜሃለሁ። ዝም አልከኝ። ዛሬ ደግሞ ሰው ሰበሰብክብኝ። ምን እንደምትል አልገባኝም…»

ሰዉ «አሜን፣ ጌታ ሆይ» አለ። እንዲህ ስትጸልይ ሰምተዋት አያውቁም። ለምለም ትንሰቀሰቃለች። በቀለች ቃሏን ሳትጨርስ እጇ ከትከሻው ላይ ተንሸራተተ።

ደጀኔ እንዴት እንደተነሣ አያውቅም። ጋሽ ጋሮማን ተሻግሮ፣ ክራንቹን ጥሎ፣ ተፈናጥሮ በወገቧ ያዛት።

«ሃሌ ሉያ!» ቶሎሳ ጮኸ። «ተነሣ! አያችሁት? ዘለለ እኮ!»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ሁሉም የደጀኔን እግር ያያል። እጁ ላይ የተንጠለጠለችውን ሴት ያየ የለም፤ ሚስት በደስታ ባሏን ብታቅፍ ምን ይገርማል?

«የለም፣ የለም፣ ቆይ…» ደጀኔ ተንተባተበ።

ጋሽ ጋሮማ እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። «እሑድ ትመሰክራለህ ልጄ። ይህን ዕቃም ከቤትህ አውጣው። ቶሎሳ መኪናውን ይዟል፤ ጠዋት ራሱ ወስዶ ለባለቤቱ ይመልስልሃል። ቁልፉን ስጠኝ።» መዳፋቸውን ዘረጉ።

ኮሪደሩ ላይ ሳሌም አንሶላው ፊት ቆማለች። አማርኛውን ጥርት አድርጋ ትሰማለች፤ ምን ሊወሰድ እንደሆነ ገብቷታል። ግን እሷም ቃል ገብታለች። ጩኸቱ እንዳያመልጣት አፏን በሁለት እጇ አፍና ይዛለች። ዓይኗ ብቻ እናቷ ላይ ተተክሏል።

በቀለች ልጇን አየቻት።

«ልቀቀኝ፣ ደጄ» አለች።

«ትወድቂያለሽ።»

«ልቀቀኝ።»

ለቀቃት። በቀለች ግድግዳውን፣ የወንበሩን ጫፍ፣ የበሩን መቃን እየያዘች፣ አንዱን እግሯን እየጎተተች፣ ከባሏና ከልጇ በቀር ማንም አይቶት በማያውቀው አረማመዷ ሄደች። እልልታው ከአንዱ ወደ አንዱ እያለ ሞተ። አንሶላውን ገፈፈች። ኤልሞፔዷ ላይ ቁጭ አለች። እጇን ዘረጋች።

አሁን የተዘረጋ መዳፍ ሁለት ሆነ። ደጀኔ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ በጋሽ ጋሮማ እጅ ጎን አልፎ ሚስቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«እህት በቀለች…» አሉ ጋሽ ጋሮማ። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ጸሎቱንና አጥሚቱን አልመልስም። ክራንቹን ግን ቶሎሳ ይውሰድ፤ አንድ ቀዳዳ ይረዝመኛል።»

ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ለምለም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ጋሽ ጋሮማ የዘረጉትን እጅ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆሙ።

በቀለች በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የሐምሌ ፀሐይ ገና አልገባችም፤ ታች ያለው የመኪና ማቆሚያ ወርቅ መስሏል።

«ነገ ልጄን ቲቮሊ ልወስዳት ነው» አለች። «መንዳቱን አልቻልኩትም። ወርጄ ልለማመድ።»

«አሁን? እዚህ?» አላት ደጀኔ። «ሰው ሁሉ የሚያይበት?»

«አሁን።»

ቁልፉን አዞረችና አውራ ጣቷን ጫነች። ኤልሞፔዷ ወደ ኋላ ሄዳ ግድግዳውን ገጨች። ሳሌም አፏን ለቀቀችና እየሳቀች ጮኸች፤ «ማማ፣ ወደ ፊት!»

«በቀኝሽ ነው» አላት ደጀኔ።

በሩ ላይ ግን የእንግዶቹ ጫማ ተከምሮ መንገዱን ዘግቶታል። ደጀኔ በጤነኛ ጉልበቱ ተንበርክኮ ጫማዎቹን ወደ ግራና ቀኝ ይገፋ ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አንድ ሌላ ሰው አጠገቡ ሲንበረከክ ተሰማው። ጋሽ ጋሮማ ነበሩ። የራሳቸውን ጫማ ፈልገው አገኙና እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ለበቀለች መንገድ ለቀው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።