ፖምፔይን ማን ሰማ?

«እንደው ልጄ፣ ጣልያን አገር እንዴት ነው? ሰዉስ ደህና ነው?» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ለቅሶ ቤት የሚሉት ቢጠፋቸው።

«ደህና ነው» አለች ተብለጽ ከፍራሹ ሳትነሳ።

አባቷ አቶ ኣፍሮም የተቀበሩት ትናንት ነው። ዴንቨር፣ ፒዮሪያ ስትሪት ያለችው አፓርትመንታቸው በር ላይ ጫማ ተከምሯል። ለቀስተኛው ካርቶን ውሃውን ያስቀምጣል፣ «የሞተ ተጎዳ» ይላል፣ ይቀመጣል። የተብለጽ እንባ ግን እምቢ ብሏል። አባባ ያረፉት ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ነው፤ ያቺን የጥንት ፍርስራሽ ከተማ፣ ፖምፔይን፣ ከጣልያን ደውላ የነገረቻቸውም በዚያው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰምተውላት ይሆን?

አቶ ኣፍሮም አስመራ ሲማሩ ጣልያን ለአገሬው ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አይፈቅድም ነበር። የጥንቱን የሮም ጦርነት ታሪክ አንብበው ሳይጨርሱ መጽሐፉን ቀሟቸው። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የጭነት መኪና፣ ዴንቨር ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ከኤርፖርት ጣልያናዊ የጫኑ ቀን ተሳፋሪው ወዮለት፤ ሞንትቤሎ ሰፈር ሳይደርስ ስለ ቄሳር ይፈተናል። ኩላሊታቸው ሲደክም በራሳቸው ምትክ ተብለጽን ጣልያን ላኩ።

«ፍርስራሹን ሁሉ በእግርሽ ዙሪው። ፖምፔይ ስትደርሺ ደግሞ የጋሪው ጎማ የመንገዱን ድንጋይ ምን ያህል እንደበላው በእጅሽ ለክተሽ ንገሪኝ» አሏት። ሾፌር ቤተ መንግሥት ምን ያደርግለታል?

እሷ ጋ ሲመሽ፣ ዴንቨር ገና ጠዋት ነው፤ በካርድ ትደውላለች። ታናሽ ወንድሟ ሃበን ስልኩን ስፒከር ላይ ያደርገዋል። ኮሎሲየምን ስትነግራቸው አባባ «እ? እ?» ይሉ ነበር። የፖምፔይ ዕለት ግን ድምፃቸው አልተሰማም።

«ደክሟቸው ነው፤ ቀጥይ» አላት ሃበን።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ያውም ሰው አገር ብቻዋን ላለች ሴት። ስትመለስ ኤርፖርት ላይ እየሳቁ ተቀበሏት፤ በማግስቱ ሲነጋጋ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ።

አሁን ሃበን ሻይ ሲያቀብላት እጁን ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ፖምፔይን ሰምተዋል?»

ሃበን አጎነበሰ። «ከመደወልሽ በፊት ነው ያረፉት። አስከሬኑን የሚወስዱት ሰዎች ገና አልደረሱም ነበር። ቀጥይ አልኩሽና ስልኩን ትራሳቸው ላይ አስቀምጬ በረንዳ ወጣሁ። መስማት አቃተኝ።»

«አርባ ደቂቃ ነው ያወራሁት፣ ሃበን! ማንም አልሰማኝም ማለት ነው?»

«ማንም።»

በጥፊ ብትለው ደስ ባላት። ግን ፊቱን አየችው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ከዚያ በኋላ አምስት ቀን እየደወለች «አባባስ?» ስትለው፣ «ተኝተዋል» እያለ ለብቻው ሐዘን የተቀመጠው እሱ ነበር። እንባዋ ያኔ መጣ።

«ምን ነበር ያልሻቸው?» አለ ሃበን ቀስ ብሎ።

ተብለጽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ፍራሹ ላይ ጠጋ አለችለት።