የፍስክ ጽጌረዳ

ውባየሁ አበባ የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግታ ነው። ለኬክ ጌጥ የሚሆን የስኳር አበባ እንፋሎት አይወድም፤ የእትዬ መሠረት ወጥ ቤት ደግሞ ከእንፋሎት አርፎ አያውቅም። ሽሮው ይንተከተካል፣ ምስሩ ይፈላል፤ በሩ ትንሽ ገርበብ ካለ ከትናንት ጀምሮ ሲደርቅ የዋለው የጽጌረዳ ቅጠል ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ካስትሮ ቫሊ ባለው በዚያ ባለ አራት መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት ስትኖር የራሴ የምትላት ቦታ በማጠቢያውና በማድረቂያው ማሽን መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ጠረጴዛ ብቻ ነበረች።

በሩ አይቆለፍም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ «ታዲያ ለምን አልወጣችም?» እንዳትሉኝ። የመሠረት ታናሽ ወንድም ማንደፍሮ አግብቶ ከአገር ቤት አመጣት፤ ዓመት ሳይሞላ ሲያትል ሌላ ሴት ጋ ገባ። ያኔ መሠረት «ወንድሜ ቢከዳሽ እኔ አልከዳሽም» ብላ ቤቷ አስገባቻት። አልጋ ሰጠቻት፣ የመኖሪያ ወረቀቷን ተሯሩጣ ጨረሰችላት፣ ስትታመም ሆስፒታል ወንበር ላይ አደረችላት። ከዚያ ወዲህ ውባየሁ ያለ መሠረት ቤተ ክርስቲያን ስማ፣ ያለ መሠረት ጫማ ገዝታ አታውቅም። መኪና ልማር ባለች ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «እኔ እያለሁልሽ?» ኦርደር የምትቀበለው መሠረት፣ አበባውን የምታደርሰው መሠረት፣ «አበቦቻችን» የምትለውም መሠረት። ክፉ ብትሆን ኖሮ እኮ ነገሩ ባለቀ። ክፉን ሰው ጥሎ መሄድ ምን ችግር አለው? ደግ ሰው ነው የሚያስቸግረው።

ታዲያ ሳን ሆዜ ኬክ ቤት ያላት ሩቲ የምትባል ልጅ አንድ ሠርግ ላይ አበቦቿን አይታ ቁጥሯን አፈላልጋ አገኘቻት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ቢሆንም ነገሯ ግልጽ ነበር። «ፉል ታይም ሥራ ነው። የራስሽ ቴብል። ፎቅ ላይ ሩም አለ፣ መኖር ትችያለሽ። ሰኞ ስታርት ታደርጊያለሽ። ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ኮል አድርጊልኝ፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አለች።»

ውባየሁ ይህን አሥር ቀን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ይዛው ከረመች። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ እነግራታለሁ» ትላለች። ከዚያ መሠረት ቁርሷን ይዛላት፣ በሩን በክርኗ ገፋ አድርጋ ትገባለች። እንጀራ ፍርፍር ይዛ ለቆመች ሴት «ልሄድ ነው» እንዴት ይባላል? እንዲህ እንዲህ እያለ ቅዳሜ ደረሰ።

ቅዳሜ የጋሼ ተክለጻድቅ ሰማንያኛ ዓመት ነበር። ኦክላንድ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ እሳቸው ያልሸመገሉለት ሙሽራ የለም ይባላል። ድግሱ ልጃቸው ስንታየሁ በምትኖርበት ሳን ሆዜ ነው። ኬኩን መቅዲ የምትባል ጋጋሪ ቀድማ አድርሳለች፤ ሃያው ነጭ ጽጌረዳ የውባየሁ ድርሻ ነው። መሠረት እየነዳች፣ ውባየሁ የአበባውን ካርቶን ጭኗ ላይ አቅፋ ፍሪዌይ ገቡ።

«ዩኒየን ሲቲ ስንደርስ እነግራታለሁ» ብላ ለራሷ ቃል ገባች። ዩኒየን ሲቲ ደርሶ አለፈ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ቆይ እኔ ላስቀድም፣ ሳልረሳው» አለች መሠረት። «ጋሼ ጾሙን እንዴት እንደሚያጠብቁ ታውቂያለሽ። ልጆቻቸው በኬኩ ሲጨነቁ ‹ከላይ እስከ ታች የጾም ነው፣ በኔ ጣሉት› ብያቸዋለሁ። መቅዲም ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ነው የጋገረችው።»

ውባየሁ ክው አለች።

«አበባው እኮ እንቁላል አለበት። ሊጡን የማያይዘው በእንቁላል ነጭ ነው። የጾም መሆኑን አልነገርሽኝም፤ ብትነግሪኝ በሌላ እሠራው ነበር።»

እስቲ ፍረዱ። የገና ጾም መግባቱ ጠፍቷት አይደለም፤ እሷም ጿሚ ናት። ግን የኛ ሰው የስኳር አበባ በልቶ አያውቅም። ኬኩ ሊቆረስ ሲል ባለቤቲቱ አበባውን አንድ በአንድ ነቅላ በናፕኪን ትጠቀልልና ወስዳ ቡፌዋ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ትደረድረዋለች፤ እዚያው አቧራ እየጠጣ ይኖራል። ሁለቱም ሴቶች አበባን ከምግብ ቆጥረውት አያውቁም።

መሠረት መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ማን ይበላዋል? ለዓይን ነው። አበባ ደግሞ ይጾማል እንዴ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውቤ፣ በኔ ጣሉት ብያለሁ። ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ። ዝም አይነቅዝም። አንቺስ ምን ልትዪኝ ነበር?»

«ይቆይ» አለች ውባየሁ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ጽጌረዳዎቹን ኬኩ ላይ ስትሰካ ሁለቱን ሰበረች። ሰዉ ስልኩን እያወጣ ያነሳል፣ ይደነቃል። ጋሼ ተክለጻድቅ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረቡና ቢላዋውን ሳይነኩ ቆሙ።

«ይህን የሠራችው ማን ናት?»

«እህቴ ናት፣ ጋሼ» አለች መሠረት፣ የውባየሁን ክንድ ይዛ ወደ ፊት እየሳበች።

ሽማግሌው ትልቁን ጽጌረዳ ነቀሉ፤ ከጫፉ አንድ ቅጠል ከሽ አድርገው ቆረሱ። «በሉ እንግዲህ፣ መጀመሪያ የለፋች ትቅመስ። ከዚያ እኔ» አሉና ቅጠሏን ወደ ውባየሁ አፍ ዘረጉ። «እንቺ የኔ ልጅ። ጉርሻ አይመለስም።»

ብትጎርስ ጾሟን ትሽራለች፤ እሱ የራሷ ጣጣ ነው፣ ለንስሐ አባቷ ትናገራለች። ቀጥለው ግን እሳቸው ይጎርሳሉ፣ እያወቀች። ብትናገር ደግሞ መሠረት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ትዋረዳለች። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ የሚያሳፍር ሐሳብ ብልጭ አለባት። መሠረት ከተዋረደች «ውጪልኝ» ትላለች። «ውጪልኝ» ካለች፣ ውባየሁ ወጣች ማለት ነው። የሩቲ ኬክ ቤት ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «እንቁላል አለበት። የፍስክ ነው።»

ስንታየሁ ወደ መሠረት ዞረች። «የጾም ነው ብለሽን አልነበር?»

መሠረት ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አንገቷን ደፍታ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ቆመች። ውባየሁ ከዚህ ወዲያ ምንም አይጠበቅባትም ነበር። ዝም ብትል ሌላው በራሱ ጊዜ ያልቅላት ነበር።

«እሷ አታውቅም» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ ያልነገርኳት።»

ምን ነካት ትላላችሁ? አንጀቷ አልቻለም፤ ሌላ ምንም የለውም። ገና ከአፏ ሳይወጣ ተናደደች፣ በራሷ።

ሽማግሌው ቅጠሏን ሳህን ላይ አስቀመጡና ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ አዩ። «ጥፋትን ሰው ላይ ማላከክ ነው የለመድነው» አሉ። «ይቺ ራሷ ላይ አደረገችው። መሠረት፣ የእናት ልጅም እንዲህ አይሆን። እጇን ያዢ።»

መሠረት እያለቀሰች ያዘቻት። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰዉ ከመቀመጫው ተነሥቶ መዳፉን ከፈተ።

«እናንተን የሚለይ አይምጣ።»

«አሜን» አለ አዳራሹ።

«እሷ ትጡርሽ፣ አንቺም መርቂያት።»

«አሜን።»

«አንድ ጣራ ሥር ያስረጃችሁ።»

«አሜን።»

ሽማግሌው እጃቸውን አላጠፉም። ውባየሁን እያዩ ነበር። «አንቺም አሜን በዪ እንጂ፣ የኔ ልጅ። ምርቃት ያለ አሜን አይያዝም።»

ሰዉ ሁሉ ይጠብቃል። የመሠረት መዳፍ በላብ ርሷል፤ ጣቶቿ ግን ጠንክረው ይዘዋታል። በሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ምርቃት ላይ አሜን አልልም ያለች ሴት እስካሁን አልሰማሁም፤ እናንተም የሰማችሁ አይመስለኝም።

«አሜን» አለች።

እልልታው ቀለጠ። መሠረት ግንባሯን ሳመቻትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «አየሽ፣ ከእንግዲህ የትም አትሄጂብኝም» አለቻት።

«የት እሄዳለሁ» አለች ውባየሁ።