የእትዬ ሜትር ወገብ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። ሜትሩ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት አንገቷ ላይ ይወጣል፣ ማታ ስትዘጋ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ትረሳውና ቤቷ ድረስ አብሯት ይገባል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻና ዳሌ ስትለካ ኖራለች። እሷ ራሷ ወፍራም ናት፤ ይህን ማለባበስ አያስፈልግም። በሩ ላይ ከቆመች ደንበኛ ፀሐይ ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ውፍረቷ ግን አስጨንቋት አያውቅም፤ ለራሷ የምትሰፋው ልብስ ሁልጊዜ ልኳ ነበርና ምን አስጨነቃት?

በሱቁ አንድ ሕግ አለ። ልኬት የሚወሰደው በሁለት ሰው ነው፤ እትዬ ሜትር ትለካለች፣ ታናሽ እህቷ ትጽፋለች። ሱቁ ጠባብ ስለሆነ ከመጋረጃው ወዲህ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ሥራ አይፈታም። ስለዚህ ከመቶ ሴንቲሜትር በላይ የሆነ ልኬት ጮክ ተብሎ አይጠራም። እትዬ ሜትር አሥር ቀንሳ ትጠራለች፤ እህቷ ዓይን አላት፣ ሴትየዋን አየት አድርጋ አሥሩን መልሳ ትጽፋለች። ደንበኛዋ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ቀሚሱም ልክ ይሆናል። ሕጉን ያወጣችው እትዬ ሜትር ናት። «ሰው ልብስ ሊያሰፋ እንጂ ሊፈረድበት አልመጣም» ትላለች።

ታዲያ አንድ ሰሞን ሆዷ ውስጥ ነገር ተቀመጠ። ለእህቷ የነገረቻት እንዲሁ ብላ ነው፤ «ነገር ተቀምጦብኛል።» ስፌት መኪናው ላይ ስትጎነበስ አንድ ነገር ከታች ወደ ላይ ይገፋታል፤ አንድ እጅጌ ሳትጨርስ ቀና ትላለች። ሁለት ጉርሻ በልታ ትጠግባለች። ሽንት ቤትማ መመላለሷ እሷንም ጎረቤቱንም አሰልችቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምታለችና ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ሄደች።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ከወንበሩ በፊት የሚገኘው ሚዛን ነው። ነርሷ ጫማዋን አስወልቃ አቆመቻትና ቁጥሩን ጮክ ብላ ጠራችው፤ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር መተላለፊያው ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሰማ። እትዬ ሜትር ለራሷ ሳይሆን ለነርሷ አፈረች።

«እናቴ፣ ምን አመመዎት?» አለ ሐኪሙ ከጠረጴዛው ማዶ።

ነገረችው። ግፊቱን፣ ጥጋቡን፣ መመላለሱን አንድ በአንድ ዘረዘረች። ልጁ ግን ዓይኑ ሚዛኑ በጻፈው ቁጥር ላይ ነበር። ጨርሳ ሳትጨርስ የታተመ ወረቀት አወጣ። ዳቦ ይቀንሱ፣ ስኳርና ቅቤ ይተው፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ፣ ማታ አትክልት ብቻ ይብሉ።

«የሚጫንዎት ስቡ ነው» አላት። «ክብደትዎን ሲቀንሱ ሁሉም ይቀልልዎታል።»

«ሆዴን አታየውም?»

«እየታየኝ ነው እኮ እናቴ።» ይህን ያለው በክፋት አይደለም፤ ፈገግ ብሎ ነው። ክፋት ቢሆንማ መልስ አታጣለትም ነበር።

እትዬ ሜትር የተባለችውን አደረገች። የሰነፍ ሰው ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ይህች ሴት አንድ ኮሌታ ሦስት ጊዜ ፈትታ የምትሰፋ ናት። ዳቦውን ተወች። ጥቅል ጎመንና ካሮት እየቀቀለች በላች። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቷ በፊት መንገዱን እስከ ጫፍ ሄዳ ተመለሰች፤ ጎረቤት ሁሉ «እትዬ ሜትር፣ መንገዱን እየለካሽው ነው?» እያለ ሳቀባት። እሷም አብራ ሳቀች፤ አንድ ቀን ግን ሱቁ ገብታ መቀመጫዋ ላይ ዘፍ ስትል እንባዋ ቀረበ።

በወር ተኩል ሁለት ኪሎ ተኩል ቀነሰች። ሐኪሙ ሚዛኑን አይቶ እጁን አጨበጨበ።

«ጎበዝ! አዩ? እየሠራ ነው።»

«ሆዴ ግን አልቀነሰም፤ ጭራሽ ብሶበታል። ቀሚሴ አልዘጋ ብሎኛል።»

«ይመስልዎታል እናቴ። ሚዛን አይዋሽም፤ ይቀጥሉበት።»

ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች። ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲከሳና ሲወፍር አይታለች፤ ምግብ የቀነሰ ሰው ከየት ከየት እንደሚቀንስ ከሐኪሙ በላይ ባታውቅ ከእሱ አታንስም። ልብሱ ባንዴ ነው የሚላላው፤ ክንዱም ወገቡም አብረው። የእሷ ቀሚስ ግን ከትከሻዋ ላይ እየተንሸራተተ ወገቧ ላይ ይታነቃል። ይህ ምን ዓይነት ክሳት ነው?

መጀመሪያ ሐኪም ቤት በሄደችበት ሳምንት ልኬቷን አስይዛ ነበር፤ አሁን በየወሩ እንድትለካት ለእህቷ ነገረቻት። ራሷን አትለካም፤ ልብስ ሰፊ ራሱን አይለካም። ክንዱን ሲያነሳ ወገቡ ይሸሻል፣ ሳያውቀውም ሆዱን ይስባል። ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ፣ እህቷ ለካች፣ እሷ በልኬት ደብተሩ ላይ ጻፈች። የመጀመሪያው ጊዜ ወገብ መቶ አሥራ ሁለት ነበር። ሁለተኛው ጊዜ እህቷ ሜትሩን ጠቅልላ፣ «መቶ አሥር» አለች። ሦስተኛው ጊዜ፣ «መቶ ስምንት።» ክንዱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ ሁሉ ቀንሷል። ወገቡም ቀንሷል።

እትዬ ሜትር ቁጥሩን ጽፋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ይህ ደብተር ሐኪሙ እጅ ሲገባ ደስታው ወሰን አጣ። «በራስዎ ሜትር!» አለ። «ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?» የሐኪሙን ሚዛን ልትጠረጥር ትችላለች፤ ሜትሯን ምን ብላ ትጠርጥር? ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ላይ ተነሳች። ምናልባት ምንም የለብኝም፣ ምናልባት የለመድኩትን ዳቦ ተነጥቄ ሆዴ ነው የሚያኮርፈው አለች። ማታ ግፊቱ ሲመጣ «አንተ ውሸታም» አለችው፣ የገዛ ሆዷን። ሰው የገዛ ገላውን ማመን ሲተው ምን ያህል ብቻውን እንደሚቀር ያወቀችው ያኔ ነው።

በአራተኛው ወር የድሮ ልብሶቿ ሁሉ ከትከሻ ሰፍተው ጆንያ መሰሉባት። አዲስ ቀሚስ ልስፋ ብላ ሰማያዊ ጨርቅ መረጠች፣ ነከረችው፣ አደረቀችው፣ ተኮሰችው። የዛሬ ሳምንት እህቷ «መቶ ስድስት» ባለችው ልኬት ላይ ለመተንፈሻ ስድስት ጨምራ ቆረጠች። ሰፍታ ስትጨርስ መጋረጃው ውስጥ ገባችና ለበሰችው።

ትከሻው ልክ ነው። ደረቱ ልክ ነው። እጅጌው ለእሷ እንደተፈጠረ ነው። ወገቡ ላይ ግን በዚፑ ግራና ቀኝ መካከል አራት ጣት ክፍተት ቀረ። ትንፋሿን ሳበች፣ ገፋች፣ ጎተተች፤ አራት ጣት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአራት ጣት ተሳስታ አታውቅም። በግማሽ ጣት ተሳስታ እንኳ ደንበኛዋን ደጇ ድረስ ሄዳ ይቅርታ የምትጠይቅ ሴት ናት።

ከመጋረጃው ወጣች። እህቷ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ ክፍቱን ጎን ስታይ መርፌዋ ቆመ።

«ጨርቁ ተኮማትሮ ይሆናል፣ እታለም» አለች ቀና ሳትል።

«ጨርቁን ራሴ ነክሬዋለሁ። የዛሬ ሳምንት ስንት ነበር?»

«መቶ ስድስት ነው ያልኩሽ።»

«ያልሽኝን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

እህቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «መቶ አሥራ ዘጠኝ» አለች።

እትዬ ሜትር የመቁረጫውን ጠረጴዛ ተደገፈች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ጊዜ። ከዚያ ሰውዬ ዘንድ በተመለስሽ ቁጥር ፊትሽን አታይውም እኮ። ያ ሁሉ ጎመን፣ ያ ሁሉ መንገድ... ጨምረሻል ብዬ በምን አፌ ልጥራብሽ?»

«እኔ ደንበኛሽ ነኝ?»

«ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ።»

ቆሽቷ አረረ። አንስታ የምትወረውረው ነገር ብታገኝ ወርውራ ነበር፤ አጠገቧ የነበረው ግን መቀስ ብቻ ስለሆነ ተወችው። ሐኪሙስ ባዕድ ነው፣ አያውቃትም፤ አንድ ቀን ነክቷት አያውቅም። ይህቺ ግን በሁለት እጇ ታቅፋ ለክታት፣ እውነቱን ጣቷ ላይ ይዛ፣ በፍቅር ቀበረችው። ቁጣው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣባት። በዚህ ሱቅ አሥር ተቀንሶላቸው ደስ ብሏቸው የሄዱ ሴቶች ስንት ናቸው? ቀሚሳቸው ልክ ሆኗል፤ ገላቸውን ግን ማን በትክክል ነገራቸው? ማን ተጎዳ እያለች ስትኖር፣ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም።

«ደብተሩን አምጪ» አለች።

እህቷ ደብተሩን አምጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችላት። የእውነቱ ቁጥር በእርሳስ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፣ ከነቀኑ ተጽፎ ነበር። መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አሥራ አራት፣ መቶ አሥራ ሰባት፣ መቶ አሥራ ዘጠኝ። ዋሽታለች እንጂ ልብስ ሰፊነቷን አልተወችም። እትዬ ሜትር ይህን ስታይ ልትቆጣም ልታቅፋትም ፈለገች፤ ሁለቱንም ሳታደርግ ቀረች።

በማግስቱ ጎኑ ክፍት የሆነውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ካፖርት ደርባ፣ እህቷን አስከትላ ሄደች። ነርሷ ወደ ሚዛኑ ስትመራት አለፈቻት። ካፖርቱን አወለቀችና ሐኪሙ ፊት ቆመች።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ...»

«ስማኝ ልጄ። ክንዴ በአምስት ቀንሷል፣ ወገቤ በሰባት ጨምሯል። ያሳየሁህ ልኬት ስህተት ነበር፣ ትክክለኛው ይኸው። እኔ ሰው ሳልነካ ልብስ አልቆርጥም። አንተ ሳትነካኝ ሦስት ጊዜ ሸኘኸኝ። ዛሬ እጅህን ሳታሳርፍ ከዚህ አልነቃነቅም።»

ሐኪሙ ደብተሩን አየ፣ ክፍቱን ዚፕ አየ። ከዚያ ወንበሩን ገፋ አድርጎ ተነሳ። ቆሞ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው፤ ለካ ረጅም ልጅ ነው። እጁን ታጥቦ አልጋው ላይ አስተኛትና ከእምብርቷ በታች ጫን አደረገ። አንዴ፣ ከዚያ በጎን፣ ከዚያ እንደገና። ፈገግታው ጠፋ። እትዬ ሜትር ፊቱን እያየች ነበር፤ አራት ወር ስትለምነው የኖረችውን መታመን በመጨረሻ ስታገኘው እንዲህ ያስፈራኛል ብላ አላሰበችም።

በዚያው ቀን አልትራሳውንድ ታዘዘላት፤ ምስሉን ይዞ አንዲት ቀዶ ሐኪም ዘንድ የወሰዳት ወጣቱ ሐኪም ራሱ ነው። ቀዶ ሐኪሟ ሸበት ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ምስሉን ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት።

«እንቁላል ማምረቻሽ ላይ የበቀለ ዕጢ ነው። ትልቅ ነው» አሉ። «ይወጣል። ክፉ ይሁን ደግ የምናውቀው ግን ካወጣነው በኋላ ነው። ትንሽ ሳለ ቢሆን ሥራው ይቀል ነበር።»

እትዬ ሜትር ራሷን ነቀነቀች። እጇ ባዶ አንገቷ ላይ የሌለውን ሜትር ይፈልጋል። ቀዶ ሐኪሟ መነጽራቸውን አውልቀው በተግሣጽም በአዘኔታም አዩዋት።

«እህቴ፣ ይህን ያህል እስኪያድግ ምን ስትጠብቂ ነው የቆየሽው?»

እህቷ «እኔ ነኝ...» ብላ ጀመረች። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ወጣት ሐኪምም በዚያው ቅጽበት «እኔ ጋ...» አለ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ነበር። እትዬ ሜትር አንዱንም እንዲጨርስ አልጠበቀችም፤ የተጠየቀችው እሷ ናትና።

«መቅጠኔን» አለች።