የተሰረዘችው መስመር

ጥሩአየሁ መልእክቱን እንደገና ላከችው። ኮምፒውተሩ «ተልኳል» የሚል ቃል አወጣ። ከጎንደር ግን ከጧት ጀምሮ መልስ የለም።

በዚያ በ1981 ጥር፣ መተማ አጠገብ ባለችው ኮኪት ለማሽላ አጨዳ ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ማጅራት ገትር ገብቶባቸው ነበር። ክትባት ካልመጣ በየዛፉ ጥላ ስር በተኙት ሕሙማን ላይ ገና ብዙ ሌሎች ይጨመራሉ። በጦርነቱ ሳቢያ በሬዲዮ በድምፅ መነጋገር ተከልክሏል፤ የመተማ ጤና ጣቢያ መልእክቱን በእርዳታ በመጣው ኮምፒውተር ጽፎ በሬዲዮው ይልካል። ሁለቱን የሚያግባባው፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም በጥሩአየሁ እጅ ነው።

የወረዳው ካድሬ ጓድ ደምለው ወታደር አስከትሎ ገባና ሬዲዮውን የነካው ማን እንደሆነ ጠየቀ። አንቴናውን ትናንት የጠገነው ሽማግሌው የሬዲዮ ሠራተኛ ኢሳ መሆኑን፣ የሚስቱ ዘመዶችም ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት እንደሚኖሩ ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

«አሻጥር ነው» አለ። ኢሳን ወስደው ደጅ በቆመው ላንድሮቨር ውስጥ አስቀመጡት።

ጥሩአየሁ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ትናንት ሥራ ሲቀዘቅዝባት የፕሮግራሙን አናት አጽድታለች። እዚያ ላይ ሄደር የሚባሉ ሌሎች ፋይሎችን የሚጠሩ መስመሮች ተደራርበው ነበር፤ ከእሷ በፊት የነበሩት ሁሉ እየጨመሩ የሄዱት። የተደገመውንም፣ ማንም የማይጠቀምበት የመሰላትንም ሰረዘች። ኮምፒውተሩ ፕሮግራሙን ያለ አንዳች ስሕተት ሲቀበልላት ደስ ብሏት ነበር የተኛችው።

የድሮውን ቅጂ ከዲስኬቱ አውጥታ የሰረዘቻቸውን ፋይሎች እያንዳንዳቸውን ከፍታ አነበበች። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ አስቸገራት። አንዱ ፋይል ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ አለች፤ ሬዲዮው ዘገምተኛ መሆኑን የምትናገር ምልክት። ፕሮግራሙ እሷን ካገኘ ሬዲዮው እስኪከፈት ይታገሣል፤ ካጣት ዝም ብሎ ያልፋል። ለካ መልእክቱ ሁሉ ሬዲዮው ሳይከፈት ሲፈስ ነው የዋለው።

መስመሯን መልሳ አስገባችና ላከች። ጥቂት ቆይቶ ጎንደር መለሰ፤ ክትባቱ እየተጫነ ነው።

ደምለው መልሱን አንብቦ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ኢሳ ግን ጎንደር ሄዶ ይጠየቃል አለ።

«ጓድ ደምለው፣ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። እሳቸው ምንም አላደረጉም።»

«ፕሮግራም በገዛ እጁ ይበላሻል?»

መልሷን ሳይጠብቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ነገሩ ባንቺ ላይ አልመጣም። አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።»

ወደ ደጅ ወጣች። ኢሳ በመኪናው መስኮት አያት። «ማሌሽ ልጄ፣ ግድ የለም» አላት። «ቤት ብቻ ንገሪልኝ።»

አደራውን ተቀብላ ወደ ሥራዋ መመለስ ትችል ነበር። የመኪናውን በር ከፈተች።

«መስመሯን የሰረዝኳት እኔ ነኝ» አለችው። «ጎንደር ላሉት ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ኢሳ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።