ጤፍ ውስጥ የከረመው ካሴት

እናቴ ወለተ ኪዳን እንቁላል እንዳይበላሽባት ጤፍ ውስጥ ነው የምታኖረው። ያገራችን ሴት ሁሉ እንዲያ ታደርጋለች። የእህቴ የመቅደላዊት ሰርግ የተቀረጸበትን የቪዲዮ ካሴት ሲያመጡላትም ያው እንደ እንቁላል ጤፍ ከሞላው እንስራ ውስጥ ቀበረችው። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ያለው ቀበሌያችን ያኔ መብራት አልነበረውም። ሲገባልን እናየዋለን ተባለ።

አባቴ መሪጌታ አምደሚካኤል መብራቱን ሳያይ ዐረፈ። አንዲት ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረችውም። የቀረን መልኩና ድምፁ እዚያ ካሴት ላይ፣ ሙሽሮቹን ሲመርቅ ያለው ብቻ ነው።

የመብራቱ እንጨት ተተክሎ ሽቦው ሲዘረጋ በጎቼን ሸጥኩና ካሴት ማጫወቻ ዴክ ልገዛ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ቪዲዮ ቤት ያለው አብይ ዴኩን በጨርቅ እየወለወለ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ ነው አለኝ። ቴሌቪዥኑን የእህቴ ባል አዋሰን።

ሽቦው ባዶውን ዓመታት ቆይቶ መብራቱ በመጣ ሳምንት እናቴ ካሴቱን ከጤፉ አውጥታ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠችኝ። ዴኩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ክሩን በላና ቀጥ አለ። እናቴ በርጩማዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ዴኩን ከነካሴቱ ተሸክሜ ወደ አብይ ተመለስኩ። መደርደሪያው ሲዲ ብቻ ሆኗል፤ የፊልም ካሴቶቹ በጆንያ ታጭቀው በር ላይ ተጥለዋል።

«ዴክ ሞቷል ፍሥሐ፤ ተዝካሩም ወጥቷል። ሲዲ ማጫወቻ ውሰድ» አለኝ።

«አባቴን በሲዲ አልቀረጹትም።»

ዴክ የሚጠግነው ሰው ከእንግዲህ እንደማይነካው፣ መለዋወጫውም መምጣት እንዳቆመ ነገረኝ። ለልጅ ልጅ ይተርፋል ያልከውሳ ብዬ ብጠይቀው፣ መጀመሪያ ልጅ ውለድ ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

ማን መክሮ ነው ዴክ ሞቷል ብሎ የወሰነው? እኛ መብራት ስንጠብቅ ሌላው አይቶ ጠግቦ ወደ ሌላ አለፈ። እኔ ብቻዬን በሐሳብ ስነጉድ የምውል ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ሐሳቤ እንደ ጎበዝ በሬ አንድ ትልም ያዘ፤ ይህን ካሴት እናቴ ታየዋለች።

ብሎን መፍቻ ለምኜ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩና ካሴቱን ፈታሁት። ጤፍ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

አብይ ብቅ ብሎ አየ። «ካሴት ነው ወይስ ስንቅ?»

የአባቴን ክር አውጥቼ የሌላ ካሴት ንጹሕ ልባስ ውስጥ መክተት እንዳለብኝ ገብቶኛል። መጀመሪያ ከጆንያው በወሰድኳቸው የጦርነት ፊልሞች ተለማመድኩ። የካሴቱ የውስጥ ሽቦ እየተፈናጠረ አስቸገረኝ፤ ክሩም ተዘበራረቀብኝ። እጄ ሲለምድ የአባቴን ክር አዛወርኩ። የተጨማደደውን ቦታ በጣቴ አስተካከልኩት፤ ፈጽሞ ግን አልቃናም። አብይ ሳቁን ትቶ ጎንበስ አለና የዴኩ ሆድ በአልኮል መጠረግ እንዳለበት ነገረኝ። ቤታችን አረቄ አለ አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴ ሁለቴ የወጣ ዳግም አረቄዋን ቀዳችልኝ፤ አረቄ የሚጠጣ ሳጥን ሰምታ እንደማታውቅ እያጉረመረመች። ጠረግኩት፤ ካሴቱን አጎረስኩት። የቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ በረዶ የመሰለ ነገር ወረደ። ከዚያ አባቴ ካባውን ደርቦ ብቅ አለ፤ ፊቱ ላይ ነጭ መስመር ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ከበርጩማዋ ተነሣች። በሕይወት ሳለ ከደጅ ሲገባ እንደምትነሣለት ነው የተነሣችው። መመረቅ ሲጀምር በየመሐሉ አሜን ትል ጀመር። የተጨማደደው ቦታ ሲደርስ ድምፁ ጠፋ፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዴኩን ልጎረጉር እጄን ስሰነዝር ያዘችኝ።

«እህሉን ያብዛላችሁ ነው ያለው» አለችኝ። «አሜን በል።»

አሜን አልኩ።

ዴኩ ውሎ አያድርም። በማግሥቱ ከነካሴቱ በጋቢ ጠቅልዬ የአዲስ አበባ መኪና ፍለጋ ወጣሁ፤ እዚያ ከካሴት ወደ ሲዲ የሚገለብጡ አሉ ብሎኛል አብይ። ሲዲም ተራው ደርሶ ሲሞት ወደሚቀጥለው አስገለብጠዋለሁ።

እናቴ እስከ መንገዱ ሸኘችኝና ሲዲ ጤፍ ይስማማው እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደማይስማማው ነገርኳት።