የአቡ ሙንዚር አፍንጫ

በዛርቃ ከተማ የመካኒክ ሰፈር አቡ ሙንዚር የሚታወቀው በእጁ ሳይሆን በአፍንጫው ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ አንዴ ማግ ያደርግና፣ "ፍሪሲዮንህ ተቃጥሏል" ይላል፤ አይስትም። ሌሎቹ የቤንዚን ትነት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ለማግኘት በቤንዚኑ ቱቦ የሺሻ ጭስ እየነፉ ጭሱ ብቅ የሚልበትን ሲጠብቁ፣ "ጭስ የሚነፋ አፍንጫ የሌለው ነው!" እያለ ሲስቅባቸው ኖሯል።

ኋላ ኮሮና ያዘው። እሱ ዳነ፤ ማሽተቱ ግን እንደሄደ ቀረ። ለማንም ትንፍሽ አላለም፣ ለሚስቱ እንኳ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ግን ከበሽታው ይልቅ የጎረቤቱን የባትሪ ሠሪውን የጃድአላህን ምላስ ፈራ። ትነት የሚያፈስ መኪና ሲመጣለት "ነገ ተመለስ" ይልና፣ በሩን ዘግቶ ያንኑ ሲስቅበት የኖረውን ጭስ ይነፋል።

አንድ ብርዳማ ጠዋት ልጁ ሙንዚር መጣ። ሚስቱ ሩባ ጨቅላ ልጃቸውን ታቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። ወደ አቀባ ከተማ፣ ወላጆቿ ዘንድ ሊሄዱ ነው።

"አባዬ፣ ይቺ የቼክ ኢንጂን መብራት ደግሞ በራች። ቤንዚን ቤንዚንም ይሸታል።"

አቡ ሙንዚር መመርመሪያውን ሰካ። ኮምፒውተሩ ትነት እየወጣ ነው አለ፤ ከየት እንደሆነ ግን አይናገርም። ከታንከሩ ክዳን ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ከተሰነጠቀ ቱቦም ሊሆን ይችላል። አሁን ይህን የሚለይለት ጭስ ብቻ ነው፤ ሺሻው ደግሞ ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል።

"ዛሬ ይቅርባችሁ" ሊል አፉን ሲከፍት ጃድአላህ ሁለት ደንበኞቹን አስከትሎ መጣ።

"ኑ፣ ኑ! አፍንጫ ማለት ምን እንደሆነ እዩ! በል አቡ ሙንዚር፣ አሳያቸው እስቲ!"

ወይ ኩራት! ምን አለበት ያኔ እንኳ "አልችልም" ቢል? እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ የታንከሩ አፍ ላይ ማግ አደረገ። ምንም። ባዶ አየር።

"ክዳኑ ነው" አለ። አዲስ ክዳን ገጠመ፤ መብራቱንም በመመርመሪያው አጠፋው።

ሙንዚር መሪው ላይ ሆኖ ፊቱን ቋጠረ። "አሁንም እኮ ይሸታል፣ አባዬ።"

"የቆየ ሽታ ነው፤ መንገድ ላይ ይጠፋል። ለመሆኑ መካኒኩ አንተ ነህ ወይስ እኔ?"

ሰዎቹ ሳቁ። ሩባም ሳቀች። "አባባ ካሉ አለቀ!" አለችና ሕፃኗን እንዳይበርዳት መስኮቱን ዘጋች።

የበረሃው መንገድ ላይ መብራቷ አልበራችም። ሙንዚርም ልቡን ጥሎ ሲጋራ ለኮሰ።

መኪናዋ በእሳት ስትያያዝ ሕፃኗን በመስኮት አሾልካ ለመንገደኛ ያቀበለችው ሩባ ናት። እሷ አልወጣችም።

በሦስተኛው ቀን ሙንዚር ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሆስፒታል ወደ ለቅሶው ድንኳን መጣና አባቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ጃድአላህ አቡ ሙንዚርን ሊያጽናና ጠጋ አለ።

"የአላህ ውሳኔ ነው ወንድሜ፣ ምን ታደርጋለህ። እኛንም እኮ ሸቶን ነበር፤ ክዳን እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር። ግን አንተ ካልክ ማን ይናገራል ብለን ዝም አልን።"

አቡ ሙንዚር ሰማይ ተደፋበት። ወደ ልጁ ዞረ።

"አልሸተተኝም" አለ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ። "ከኮሮና ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ደበቅሁ።"

ማንም አልሳቀም። ጃድአላህ አንገቱን ደፋ። ሙንዚር በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ አባቱ ቀና አለ።

"እኔን ግን ሸቶኝ ነበር፣ አባዬ" አለ። "አንተን አምኜ ነው።"